ዶሮዋ የምሯን ነው?

ዶሮ ጎጆዋ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየች የእኛ ግቢ ይሰበሰባል። ሰው ሁለት ቀን ከቤቱ ሳይወጣ ቢቀር «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ብሎ የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ፣ ዶሮ ቁጭ ስትል ግን ቡናውን አቋርጦ ይመጣል። «ታቀፈች» ይላል አንዱ። «ምን ትታቀፋለች! ዕንቁላሏን ልትጥል ነው እንጂ» ይላል ሌላው። «አሟታል» የሚል ሦስተኛም አይጠፋም፤ እሱ ስለ መኪና ሲጠየቅም መልሱ ይኸው ነው።

ነገሩን እንደ ቀልድ የሚያይ ሰው ዶሮ አሳቅፎ አያውቅም ማለት ነው። በአንዲት የሐበሻ ዶሮ ሥር አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዕንቁላል ይቀመጣል። ጫጩት ለመሆን 21 ቀን ይፈጃል። ዶሮዋ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ጭራዋን እየነሰነሰች ብትወጣ፣ ያ ሁሉ ዕንቁላል ለድስትም ለጎጆም የማይሆን፣ ቢሰበር ሰፈር የሚያስለቅቅ ነገር ሆኖ ይቀራል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች ስለ ዕንቁላሉ ትዕግሥት ተናገሩ እንጂ ለዶሮዋ ጽናት ዋስ አልሆኑም።

ዘንድሮ ጉዳዩን ያባሰው ሁለት ዶሮዎች በአንድ ሰሞን መቀመጣቸው ነው። ገብስማዋና ዛጎልማዋ፤ ሁለቱም የእኛ ናቸው። ወቅቱ ደግሞ የሚያጠራጥር ነበር። የደብረ ዘይት ሰንበት አልፎ ጾሙ ወደ ማብቂያው ሲያዘነብል፣ ሰው ዶሮውን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ «እሽ!» እያለ ሲያባርራት የከረመ ሁሉ ቆም ብሎ ጭኗን ይመለከታል። ባለቤቴ ከሁለቱ አንዷ ለፋሲካ እንደምትታረድ በግልጽ፣ ያውም ዶሮዎቹ በሚሰሙበት ቦታ ተናግራለች። የታቀፈች ዶሮ ደግሞ በእኛ ግቢ አትታረድም፤ መታቀፍ ማለት ያለመከሰስ መብት ማግኘት ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛዋ የምሯን ታቅፋለች፣ የትኛዋ በዓሉ እስኪያልፍ ልትጠብቅ ነው የሚለው ሳይጣራ የሚታለፍ አልሆነም።

ዳኞቹ ራሳቸውን ሾሙ። አጥር ጥግ ያለችው ቤት የሚኖሩት እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ሲያሳቅፉ የኖሩ ናቸው፤ የግቢው ብቸኛ አውራ ዶሮም የእሳቸው ስለሆነ ከሚፈለፈለው ጫጩት ሁሉ በአባት በኩል ይዛመዳሉ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ዶሮን የሚያውቋት ወጥ ከሆነች በኋላ ቢሆንም፣ አንድ ነገር ሲጣራ ከሌሉበት ያማቸዋል። ከኋላ ያለውን ክፍል የተከራየው ወጣት ደግሞ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉትን ቀያይ ዶሮዎች በሽቦ ቤት አድርጎ ዕንቁላል ይሸጣል። የእኛን ዶሮዎች የሚያያቸው ከተሜ ልጅ ከገጠር የመጣ አጎቱን በሚያይበት ዓይን ነው፤ ይወዳቸዋል፣ ግን ሰው ፊት ባይመጡበት ደስ ይለዋል።

እማማ መጀመሪያ ያዘዙት ዝም ብለን እንድንተዋቸው ነው። ዶሮ ዕንቁላል ለመጣል ስትቀመጥ ግማሽ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ልትቆይ ትችላለች። ቄብ ከሆነች ደግሞ ምን እየመጣባት እንደሆነ ስለማታውቅ ገብታ ትወጣለች፣ ወጥታ ትገባለች፣ ግማሽ ቀን እንደዋዛ ይሄዳል። የመጋቢት ቀትር ሲበረታባት ጥላ ፈልጋ የምትዘፈዘፍም አለች። «አሟታል» ባዩም ሁልጊዜ አይሳሳትም፤ ፈንግል የጀመራት ዶሮ ላባዋን አንጨፍርራ፣ አንገቷን ደፍታ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ላየም የታቀፈች ትመስላለች። ልዩነቱ፣ የታመመችዋ ብታነሷትም ብትተዋትም ግድ የላትም። የታቀፈችዋ ግን ወደ ጎጆዋ የተጠጋ ሁሉ ጠላቷ ነው።

ይህን ሲሰሙ ጋሼ እጃቸውን ሰደዱ። መጀመሪያ ወደ ዛጎልማዋ። ዛጎልማዋ ተነፋች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ ጣታቸውን ነቆረች፣ ከካርቶኗ ዘላ ወጥታም እየተንጫጫች ግቢውን ዞረች። «የምሯን ነው!» አሉ ጋሼ ጣታቸውን እየጠቡ። ድምፃቸውን የሰጡት ደማቸውን አይተው ይመስለኛል። ገብስማዋ ዘንድ ሲደርሱ እንዲህ ያለ ትዕይንት አልነበረም። ጠፍጣፋ ሆና ጎጆዋን ሞልታዋለች። ላባዋ ቆሟል፤ ከጉሮሮዋ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይወጣል፤ አንዴ ነቆር አደረገቻቸውና ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ጋሼ «ይቺስ እንቅልፏን ነው» ብለው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጧት።

እማማ ሳቁ። «ጩኸቱን ተወው ልጄ፤ የታቀፈች ዶሮ ቤቷን ጥላ አትሮጥም» አሉ። ጋሼን «ልጄ» የሚሏቸው በዚህ ዓለም የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ ደረት ታየ። የዶሮ ገላ ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ነው፤ ዕንቁላሉ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ይፈልጋል። መሐል ላይ ያለው ላባ ግን ሙቀቱን ይዞ የሚያስቀር ነው። ስለዚህ የምሯን የተቀመጠች ዶሮ የደረቷና የሆዷ ላባ ይመለጣል፣ ራሷም ትነጨዋለች፤ ገላጣው ቆዳ ዕንቁላሉን ይነካል። እማማ ገብስማዋን ገልበጥ አድርገው እጄን ይዘው አስነኩኝ፤ ትኩስ ነው፣ ባዶ ነው። ጎጆዋም ውስጥ የገዛ ላባዋ ተነጥፏል። በዚህ መሐል ጋሼ ከዛጎልማዋ ካርቶን አንድ ረጅም ላባ ይዘው ብቅ አሉ። «ይኸው! ይቺም ነጭታለች!» እማማ ላባውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ ያዙት፤ አረንጓዴ አብረቀረቀ። የአውራ ዶሯቸው የጭራ ላባ ነበር። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ስለ አውራ ዶሮው ጠባይ ሆነ።

ምግብ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን አንቀጽ እለፉት። የታቀፈች ዶሮ ጎጆዋን አታቆሽሽም። ይዛ ውላ ይዛ አድራ፣ በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ትነሣለች፤ እየተጣደፈች ጥሬ ትለቅማለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ ከዚያም የአንድ ቀን ሙሉ ኩስ በአንድ ጊዜ ታወርዳለች። መጠኑን ላየ ዶሮ የሠራችው አይመስልም። የሽታውን ነገር በዚህ ብቻ ልግለጸው፤ ባለቤቴ አሰጥታ የነበረውን ልብስ ሰብስባ እንደገና አጠበች፣ ልብሱን የነካው ነገር ግን አልነበረም። ጋሼ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው መውጫና መግቢያ ሰዓት መመዝገብ ጀመሩ። ገብስማዋ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጉዳይዋን ጨርሳ ትመለሳለች። ዛጎልማዋ ግን ከወጣች ጥሬዋን ለቅማ፣ የጎረቤት ጎመን ቀምሳ፣ አውራ ዶሮውን እስከ ግቢው በር ሸኝታ፣ ማረፍ ሲያምራት ነው የምትመለሰው። ይህ ሁሉ በጋሼ ደብተር ላይ «የመስክ ሥራ» ተብሎ ተያዘላት።

እማማ ደግሞ የራሳቸው መፈተኛ አላቸው፤ ድንች። ደህናውን ዕንቁላል ጠባይዋ ላልታወቀ ዶሮ አሳልፈው አይሰጡም፤ መጀመሪያ ዕንቁላል የሚያህል ድንች ከሥሯ ያደርጋሉ። ወጣቱ በዚህ በጣም ሳቀ። «ድንችና ዕንቁላል የማትለይ ዶሮ እንዴት አድርጋ ነው እናት የምትሆነው?» አለ። ጥያቄው ሲሰሙት ደህና ይመስላል፤ ዶሮ ላይ ግን የሚሠራው ተገላቢጦሹ ነው። ድንችና ዕንቁላል ለይታ የምታውቅ ዶሮ ልቧ ገና ከእሷ ጋር ነው። የታቀፈችዋ ግን ድንችም፣ ድንጋይም፣ የፒንግፖንግ ኳስም ላይ ትተኛለች፤ ሁሉንም ብትወስዱባት በባዶው ጭድ ላይ ትቀጥላለች። ገብስማዋ ድንቾቹን በአፏ ጎተት ጎተት አድርጋ ከደረቷ ሥር አስገባቻቸው፤ በየጊዜውም በወጉ ታገላብጣቸው ጀመር። ዛጎልማዋ ድንቹን አየችው፣ ነቆረችው፣ ቀመሰችው፣ ተወችው። እማማ ፊታቸውን ወደ ባለቤቴ አዙረው «ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ይበቃሻል?» አሉ።

ጋሼ ገና ስላልረኩ ሌሊት መጣ። ይግባኝ የሌለው ፈተና እሱ ነው። ቀን ቀን መቀመጥ ለማንም ዶሮ አያቅታትም። ጀንበር ስትጠልቅ ግን ዶሮ ዓይኗ ይይዛታል፤ ከድመትና ከሽለምጥማጥ ከፍ ብላ ለማደር ወደ ቆጥ መውጣቷ ምርጫ ሳይሆን ከአያት ከቅድመ አያቷ የወረሰችው ፍርሃት ነው። ያን ፍርሃት ውጣ መሬት ላይ የምታድር ዶሮ፣ አንድም ታማለች፣ አንድም የምሯን ነው። ከእራት በኋላ የስልክ መብራት ይዘን ወደ ዶሮ ቤቱ ሄድን፤ ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ደብተራቸውን ይዘው። ገብስማዋ ካርቶኗ ውስጥ ናት። መብራቱ ሲያርፍባት ያንኑ ጉርምርምታ አሰማችን እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። የዛጎልማዋ ካርቶን ባዶ ነው። መብራቱን ወደ ላይ ስናነሣው ቆጡ ላይ፣ አውራ ዶሮው ጎን ተለጥፋ፣ አንገቷን ላባዋ ውስጥ ቀብራ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

«ጀማሪ ናት፤ ቀስ እያለች ትለምደዋለች» አሉ ጋሼ። እውነት ለመናገር ጨርሶ የማይሆን ነገር አልነበረም። አንዳንድ ዶሮ ቀን ቀን ተቀምጣ ከርማ ነው ሌሊቱን የምትጨምረው፤ እማማም በአንድ ሌሊት አይፈርዱም፣ ሁለት ሦስት ሌሊት አይተው ነው። በማግስቱም ቆጥ ላይ ነበረች። በሠለስቱም ቆጥ ላይ ነበረች፤ ለውጡ ከአውራው ግራ ወደ አውራው ቀኝ መዛወሯ ብቻ ነው። ጋሼ ይህንንም መዘገቡት።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ሲያይ ትዕግሥቱ አለቀ። የእሱ ዶሮ በደንብ ከተያዘች በዓመት ወደ 300 ዕንቁላል ትጥላለች፤ የሐበሻዋ ከ40 እስከ 60 ነው። «የእናንተ ዶሮ እኮ ዓመቱን ቁጭ ብላ ነው የምትጨርሰው!» አለ። ልክ ነው። የሐበሻ ዶሮ አንድ ዙር ትጥልና ትታቀፋለች፤ ፈልፍላ ጫጩቶቿን ለወራት ይዛ ትዞራለች፤ ከዚያ ነው እንደገና የምትጀምረው። ይህን ጠባይ የሚያበረታው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ የወለደች ሴት ጡቷ ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ይኸው ነው። ዶሮ ላይ ሲበረታ ዕንቁላል መሥራቷን ያስቆማታል። ዕንቁላል ነጋዴ ደግሞ የማትጥል ዶሮ አይቀልብም፤ ስለዚህ የባሕር ማዶ አርቢዎች በትውልድ ላይ ትውልድ የምትታቀፈዋን እያስወጡ፣ የማትታቀፈዋን እያራቡ ጠባዩን ከዘሯ አሳጡት። ከእነዚህ ዘሮች ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ወደ ጅማና ወደ ዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች መጥተው ነበር። «የፈረንጅ ዶሮ አትታቀፍም» የሚለውን ዛሬ በየመንደሩ የማያውቅ የለም።

እኔም ወጣቱን ጠየቅሁት፤ ዶሮዎችህ ሲያረጁ ምትካቸውን ከየት ታመጣለህ? «ከድርጅት ነዋ፤ የአንድ ቀን ጫጩት እገዛለሁ» አለ። ድርጅቱስ? «መፈልፈያ ማሽን አለዋ።» ማሽኑስ መብራት ሲጠፋ? እዚህ ላይ ጄኔሬተር ተነሣ፣ ከጄኔሬተር ወደ ናፍጣ ዋጋ ተሻገርን፣ ዶሮዋም ተረሳች።

በነገራችን ላይ፣ ማሳቀፍ ሳይፈለግ የምሯን ለታቀፈች ዶሮ አገራችን መድኃኒት አላጣችም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር አለ፤ ዘቅዝቆ መስቀል አለ፤ ላባ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ማስገባት አለ። እማማ ሁሉንም ቆጠሩልን፤ ሁሉም ሲደረግ አይተዋል። እኔ ግን እናት ልሁን ባለች ዶሮ አፍንጫ ላባ የሚሰካ ሰው ማታ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው አይገባኝም። የግድ ከተባለ ነገሩ ሆዷ እንዲቀዘቅዝና ጎጆዋን እንድታጣ ማድረግ ነው፤ ሥሩ ሽቦ በሆነና ነፋስ በሚያስገባ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ብትሰነብት አብዛኛዋ ትተወዋለች። ከሁሉ የዋሁ ዘዴ ጎረቤት ቤት መላክ ነው፤ ሰፈር ሲለወጥባት ትረሳዋለች። ችግሩ፣ ጎረቤትም ፋሲካን ያከብራል።

ገብስማዋን ያሳቀፍናት በምሽት ነው፤ ዶሮ በጨለማ ስለማትከራከር። ጾሙ ከገባ ጀምሮ የተጠራቀመ ዕንቁላል ቤቱን ሞልቶት ነበርና ባለቤቴ ከዚያው ላውጣ ስትል እማማ ከለከሏት። ከሳምንት፣ ግፋ ቢል ከዐሥር ቀን በላይ የሰነበተ ዕንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየሳሳ ይሄዳል። የቆየውም፣ የተሰነጠቀውም፣ ቅርጹ ያላማረውም ጾሙ ወደማይመለከታቸው ወደ ሐጂ ቤት ተላከ፤ የሐጂ ልጆች ዐቢይ ጾምን ከእኛ በበለጠ ይወዱታል። ለተመረጠው ዕንቁላል በእርሳስ ምልክት ተደረገለት። እማማ ድንቹን በአንድ እጃቸው እያወጡ በሌላው ዕንቁላሉን አስገቡ። ገብስማዋ ዕንቁላሉን ከመቀበሏ በፊት ስለ ድንቹ አምርራ ተቃወመች።

በሳምንቱ ዕንቁላሉን አንድ በአንድ በስልክ መብራት ፊት አሳለፍነው። ቀጫጭን የደም ሥር የዘረጋው ተመለሰ፤ ጠራ ብሎ የቀረው ወጣ። ከመሐል ግን ምልክት የሌለበት አዲስ ዕንቁላል ተገኘ። ለዚህ ነው በእርሳስ የሚጻፍበት፤ የታቀፈች ዶሮ ጎጆ ለሌሎቹ መጣያ ይሆናል፣ ኋላ የገባው ደግሞ ከቀደሙት እኩል አይወጣም። ዕንቁላሉ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከምንም። ገብስማዋ ለምሳ ስትነሣ ዛጎልማዋ ገብታ ጥላ ትወጣለች። «እያገዘቻት ነው» አሉ ጋሼ፤ ደብተራቸው ላይም «መዋጮ» ብለው ጻፉ።

ጫጩቶቹ የወጡት ጸሎተ ሐሙስ ቀን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ከቅርፊቱ ውስጥ ጭውጭውታ ይሰማ ነበር፤ ገብስማዋም ከላይ ሆና ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለች ትመልስላቸዋለች። እማማ የመጀመሪያዋን ጫጩት ሲያዩ አፋቸውን ለእልልታ ከፈቱና ሕማማት መሆኑ ትዝ ሲላቸው በነጠላቸው ያዙት።

ቅዳሜ ማታ ዛጎልማዋ ታረደች። እማማ ናቸው የበለቷት። ሆዷ ሲከፈት አስኳል ከትንሹ እስከ ትልቁ በተርታ ተደርድሯል፤ በመጨረሻም ቅርፊት የለበሰ፣ በማግስቱ ሊጣል የተዘጋጀ ዕንቁላል አለ። ታቅፋ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ኮስምኖ ይገኝ ነበር። እማማ ጋሼን ከነመነጽራቸው ኩሽና ድረስ አስጠርተው አሳዩአቸው። ጋሼ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ መረመሩት።

«እንግዲህ» አሉ ቀና ብለው፣ «እሱን ጥላ ልትታቀፍ ነበራ!»

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ለእኔ ይገባኝ የነበረውን ፈረሰኛ አንሥታ ለእንግዳው ለጋሼ አደረገችላቸው። ጋሼ ሥጋውን አዩት፣ እማማን አዩአቸው፣ «ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አሉና እንጀራውን ቆረሱ።